ጉንፋናሙ ዝም ሲል

«ዓይናቸው ካላየ መስኮት ምን ያደርግላቸዋል?»

ይህን የምትለው የሚጢጢ ወንድም ሚስት ናት። አንድ እግሯን ከበሩ ውጭ፣ አንዱን ውስጥ አድርጋ ከታችኛው ፎቅ ከመጣች ጎረቤት ጋር ታወራለች። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት የለም፤ ወዲያው በዚያው ድምፅ ሽንኩርት እንዴት እንደተወደደ ማውራቷን ቀጠለች። ሚጢጢ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ባለችበት ቀጥ አለች። ሚጢጢ ያሏት በልጅነቷ ነው። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የኮምፒውተሮቹን ክፍል የምትቆጣጠር፣ በቁመት ወንድሟን የምትበልጥ ሴት ብትሆንም ስሙ አልለቀቃትም። ቅዳሜዋን አባቷ ዘንድ ልታሳልፍ ዳቦና ብርቱካን ይዛ መምጣቷ ነበር። ጥቂት ጠብቃ፣ ሆን ብላ ጫማዋን እያንኳኳች የቀሩትን ደረጃዎች ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ዞሩ፤ ከዚያ ሦስቱም በአንድ አፍ «እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከረምሽ» ተባባሉ።

አባቷ ይኖሩበት የነበረው መንገዱን የሚያየው ክፍል አሁን የወንድሟ ልጅ የማሙሽ ሆኗል። የልጁ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ የቀለሙ ሽታ ገና አልወጣም። የልጁ ደረት እንደሚያፍነው፣ ሐኪሙም ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ይተኛ ማለቱ እውነት ነው፤ ማንም አልፈጠረውም። አባትየውም ሲጠየቁ «ለልጁ ከሆነማ ምን ጥያቄ አለው» ብለው ወዲያው ነው እሺ ያሉት። አሁን ያሉት ከኩሽናው ጀርባ፣ ቀድሞ ባዶ ጠርሙስና የተሰበረ ወንበር ይከማችባት በነበረችው ክፍል ነው። አልጋና ጠረጴዛ ገብተውባት፣ በመካከላቸው አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ ያልፋል። ግድግዳው ከታች በኩል ረጥቧል። ችግሩ እሳቸው መስኮቱን በጆሯቸው ይጠቀሙበት የነበረ መሆኑ ነው። እዚያ ተቀምጠው የአውቶቡሱን ጥሩምባ፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቁትን ልጆች፣ የማዶውን ሱቅ የብረት መዝጊያ እየሰሙ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቁ ነበር። እዚህ የሚሰማው የቧንቧ ውሃና የድስት ክዳን ብቻ ነው።

ሚጢጢ ስትገባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁለት እጃቸው የፊደል ሰሌዳው ላይ ነው፤ አንገታቸው ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ማሽኑ በርቷል፤ ማራገቢያው ይነፍሳል።

«ሚጢጢ» አሉ ሳይዞሩ። «የጫማሽ ተረከዝ አልቋል፤ አሠሪው።»

«ምን እየሠራህ ነው አባዬ?»

«ምንም። ጉንፋናሙ ሞቷል።»

ጉንፋናሙ የኮምፒውተሩ ድምፅ ነው። የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶ የጨረሰው ጊዜ፣ ሚጢጢ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ጭና ይህን ማሽን ሰጥታቸው ነበር። ድምፁ በአፍንጫው የሚናገር፣ ቃል ከማያስፈልግ ቦታ የሚቆርጥ፣ ብርድ የመታው ሰው ዓይነት ስለነበር አባትየው በመጀመሪያው ቀን ስም አወጡለት። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስተኛ ነበሩ። ደብዳቤ ያድሉበት የነበረው ሰፈር ፈርሶ፣ ነዋሪው በየፊናው ተበትኖ፣ ቦታው ላይ ሰፊ መንገድና የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶበታል። እሳቸው ግን ሰፈሩን በር በበር ያውቁታል። በጉንፋናሙ እየተመሩ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ ማን ይኖርበት እንደነበር፣ ምን ሠርቶ ይበላ እንደነበር፣ ማን ይጽፍለት እንደነበር ሲጽፉ ኖረዋል። የቀድሞ ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው ሲመጡ እያስቀመጡ ያስወሯቸው ነበር። ካወሯቸው መካከል ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

«በስልክ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሥራ ላይ ነሽ። ደግሞ» አሉና ጣታቸውን ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው አንሸራተቱ፣ «የሰበርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዕቃ የተዛወረ ዕለት ይህችን ሰሌዳ ራሴ ይዤ ስመጣ የበሩ ደፍ አደናቀፈኝ፤ ከእጄ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እከፍተዋለሁ፤ ይነፍሳል፤ ዝም ይላል። ትንሽ ጊዜ ቢሰጠው ይናገር ይሆናል ብዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሲመሽ አጠፋዋለሁ። ምራቴም አርጅቷል፣ ይጣል ትላለች።»

ሚጢጢ በትከሻቸው ላይ አጎንብሳ ስክሪኑን አየች። ጥቁር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ግን በደቃቅ ነጭ ፊደል ተሞልቷል።

«አልሞተም አባዬ። ጽሑፍ አውጥቷል።»

«ምን ይላል?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ነገር ሲነገራቸው ከሥሩ ካልሆነ ደስ እንደማይላቸው ታውቃለች። «ሲነሣ ምንም የለውም» አለች። «በመጀመሪያ ሜሞሪው ላይ ትንሽ ጊዜያዊ ማረፊያ ይሠራል፤ እዚያ ያለው፣ ዲስክ ለመፈለግ የሚበቃ ዕቃ ብቻ ነው። ከዚያ ዋናውን ዲስክ ያገኛል። ጤነኛ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ አያምነውም፤ እያነበበ ምንም ሳይጽፍበት ይቆያል። ደህና ከሆነ እንደ ግንድ ይተክለዋል፤ እኛ ማውንት ማድረግ እንላለን። ቀጥሎ ሌሎቹ ዲስኮች ከግንዱ ላይ የት የት እንደሚገቡ የተጻፈለትን ያነባል። ያንተ ጽሑፍ ሁሉ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው። አሁን እሱን ፈልጎ አጣው።»

«ሲያጣውስ?»

«ትንሽ ይጠብቀዋል። ካልመጣ ያለ እሱ መቀጠል አይደፍርም። ይቆምና የሚያውቅ ሰው ይምጣልኝ ብሎ ይጽፋል። ጉንፋናሙ የሚነሣው ሁሉም ዲስክ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም።»

«እንግዲያው በየቀኑ ሰው ጥራልኝ ሲለኝ ነበር የከረመው» አሉ። «እኔ ደግሞ አላይ።»

ሚጢጢ ማሽኑን አጥፍታ የጎኑን ክዳን ከፈተች። ገመድ ተላቆ ወይም ተላልቶ ይሆናል ብላ ነበር። ሁለተኛው ዲስክ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ አቧራው ላይ አራት ማዕዘን ቅርጹ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ገመዱ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ተደርጓል፤ ብሎኖቹም እንዳይጠፉ ከሳጥኑ ግርጌ በፕላስተር ተለጥፈዋል። ይህ የሌባ ሥራ አይደለም፤ ሙያውን የሚያውቅ፣ ዕቃ የሚያከብር ሰው ሥራ ነው። በዚህ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው።

«ምን አገኘሽ?»

«አንድ የሚጎድል ነገር አለ። ወንድም ጋሼ ሱቅ ደርሼ እመጣለሁ።»

«ብርቱካኑን ለማሙሽ ስጪው» አሉ አባትየው። «ሽታው መጥቶልኛል፤ ይበቃኛል።»

ወንድሟ የጥበቃ ካሜራ ይሸጣል፣ ይገጥማል፣ ይጠግናል። ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ በፀጉር ቤትና በቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስክሪኖች ይህንኑ መንገድ ከየአቅጣጫው ያሳያሉ፤ ሚጢጢ ከመግባቷ በፊት ስትመጣ አይቷት ስለነበር ቆሞ ጠበቃት። ፊቷን ሲያይ ግን ፈገግታው ግማሽ ላይ ቀረ።

«የአባዬን ዲስክ አውጥተሃል?»

«እ... አዎ። ልተካለት ነበር እኮ። ሥራው ወጥሮ ያዘኝና—»

«የት ነው ያለው?»

የሆነውን ነገራት። ዕቃ በሚዛወርበት ዕለት ጫማ ሻጩ ደወለለት፤ ደንበኛው ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ሌባ ገብቶበታል፤ የካሜራው መቅጃ ዲስክ ተቃጥሎ ኖሮ አንድም ምስል አልተገኘም። ሰውዬው እያለቀሰ ነበር፤ ዛሬ ሌሊት ደግሞ ይመጣብኛል አለ። ዕለቱ የዕረፍት ቀን ነው፤ ዲስክ የሚሸጥ ሁሉ ዘግቷል። የአባታቸው ኮምፒውተር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ክዳኑን ሲከፍተው ሁለት ዲስክ አየ።

«ሁለት ምን ያደርግለታል አልኩ» አለ። «ደግሞ ዝም ብዬ አልወሰድኩትም። እዚህ አምጥቼ የራሴ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፤ አይነበብም አለኝ። ባዶ መስሎኝ።»

«ባዶ ስለሆነ አይደለም። ፋይሎቹ የተቀመጡበት ሥርዓት ሌላ ዓይነት ነው። ያንተ ማሽን አያውቀውም፤ ስለማያውቀው አይነበብም አለህ።»

ቁልፍ ቀራጩ የመቁረጫ ማሽኑን አስነሥቶ እስኪያጠፋ ድረስ ወንድሟ ስክሪኖቹን አየ። ከዚያ፣ «መቅጃው ላይ ስገጥመው ላጽዳው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር» አለ።

«አንተስ ምን አልከው?»

ሱቁን ዘግቶ ወደ ጫማ ሻጩ ይዟት ሄደ። ጫማ ሻጩ ወፍራም፣ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር አቀረበላቸው። መቅጃው ከጀርባ፣ ባዶ ካርቶን በተቆለለበት መደርደሪያ ላይ ነበር። ሚጢጢ ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ የሱቁ በር አለ። በሩ ላይ የሚገቡና የሚወጡ እግሮች አሉ፤ ቀን ከሌሊት። የቆየውን ልትፈልግ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ከዚህ ሳምንት የቀደመ ምንም የለም። ዲስኩ ሲሞላ ከመጀመሪያው ጀምሮ በራሱ ላይ ይጽፋል፤ ሲሞላ ደግሞ እንደገና። ዲስኩ ተረስቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የሚዳን ነገር አይጠፋም ነበር። አባቷ የጻፉበት ቦታ ሁሉ ላይ ግን ያ በር ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል። ያን ዲስክ ከአሮጌው ከዋናው ዲስክ የተሻለ ነው፣ በድንገት አይሞትም ብላ የጽሑፋቸው ማስቀመጫ ያደረገችው ራሷ ናት። ቅጂ ሌላ ቦታ ላስቀምጥ ብላ በመጣች ቁጥር ስታስበው፣ በመጣች ቁጥር ሌላ ወሬ እየመጣ አሳልፋዋለች።

«የእናንተ ከሆነ ውሰዱት እንጂ» አለ ጫማ ሻጩ፣ ነገሩ ባይገባውም ፊታቸውን አይቶ። «እኔ ሌላ እገዛለሁ።»

«ግድ የለም» አለች ሚጢጢ። «ይቀመጥ። አሁን ያንተ ነው።»

ሲመለሱ መንገድ ላይ ወንድሟን ሁለት ጊዜ ሰው ሰላም አለው፤ ሁለቱንም ጊዜ አልሰማም። ሕንፃው ሥር ሲደርሱ ቆመ።

«አባዬ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር» አለ። «ተቆጥቶ አያውቅም እኮ።»

«እኔ ልንገረው?»

«አይ።»

ወንድሟ ወደ ኋላ ክፍል ሲገባ ትከሻው በሩን ሞላው። አባትየው አልጋው ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ ተነሥተው ተቀመጡና የሚመጣውን በመጠባበቅ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ወንድሟ ቆሞ ተናገረ። ሰበብ አላበዛም። የጫማ ሻጩን ነገር፣ የዕረፍቱን ቀን፣ አይነበብም ያለውን፣ ላጽዳው ወይ ያለውን ነገራቸው። መጨረሻ ላይ «አዎ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለ። ከኩሽናው የሚፈላ ሾርባ ክዳኑን ሲያንኳኳ ይሰማል።

አባትየው ፊታቸውን ወደ ሚጢጢ አዞሩ። «እንግዲያው ሰሌዳዋ ስለወደቀች አይደለም?»

«አይደለም አባዬ።»

«እኔ አይደለሁም ማለት ነው።»

«አንተ አይደለህም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለረዥም ጊዜ ሲነቀንቁ ቆዩ፤ ማቆሙን የረሱት ይመስል ነበር። ሚጢጢ ያን ጊዜ ነው ከጽሑፉ ይልቅ ይህ የባሰ የታያት፤ አባቷ ስንት ጠዋት በዚህች ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ የገዛ እጃቸውን ሲወቅሱ መክረማቸው። ወንድሟም ሳይታየው አልቀረም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መሬት ዝቅ አለ፤ እንደ ልጅነቱ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ።

«ሌባውስ ተያዘ?» አሉ አባትየው።

«አልተያዘም።»

«ዳግመኛ አልመጣም ግን?»

«አልመጣም።»

«ደግ» አሉ። «ያ ሰውዬ ልጆች አሉት።»

ሚጢጢ ተነሥታ ማሽኑን አበራች። ነጩ ጽሑፍ ወርዶ ወርዶ ቆመ። የይለፍ ቃሏን አስገብታ፣ የሌለውን ዲስክ ፈልግ የምትለዋን አንዲት መስመር ሰረዘች፤ በአሮጌው ዲስክ ላይ ለአባቷ ባዶ ማስቀመጫ ሠራች፤ ድምፁን መልሳ አስተካከለች፤ አጥፍታ አበራችው። ይህን ጊዜ ማንንም አልጠበቀም። ጥቁሩ አለፈ፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ያ በአፍንጫው የሚናገረው ድምፅ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «እንኳን ደ፣ ህና መጡ» አለ።

አባትየው ፈገግ አሉ፤ ሳያስቡት የመጣ ፈገግታ ነው፤ ወዲያው ጠፋ። ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው ጣታቸውን ቦታ ቦታው አስያዙ። አንድም ፊደል አልነኩም።

«ቤቶቹን አውቃቸዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬም ብትወስዱኝ በር በበር እሄዳለሁ። የጻፍኩትን ግን አላስታውሰውም። ሰዎቹ የነገሩኝን ሁሉ፣ ጽፌዋለሁ ብዬ ከራሴ ላይ አውርጄ ነበር። እስቲ ካነበባችሁት የምታስታውሱት ካለ ንገሩኝ። ጥቂት ካገኘሁ ከዚያ እቀጥላለሁ።»

ሚጢጢ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ መሬቱን ያያል። አባቷ ስንቴ «ላስነብብሽ» ብለዋት ነበር፤ ስንቴስ «በሚቀጥለው ስመጣ» ብላቸው ነበር። በሆስፒታሉ ማሽኖች ላይ የማታውቃቸው ሰዎች የጻፉትን ሁሉ ጠብቃ ታኖራለች፤ አባቷ ከጻፉት ግን አንዲት መስመር አላነበበችም። አባትየው ዝምታውን ሰሙ። እጃቸው ከሰሌዳው ላይ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ተመለሰ።

«የመጀመሪያው ቤት በሩ አረንጓዴ ነው። ደወል የለውም።»

የተናገረችው የወንድሟ ሚስት ናት። ማሙሽን በጎኗ ታቅፋ፣ በሌላው እጇ ጭልፋ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደነበረች ማንም አላየም። ሁሉም ወደ እሷ ሲዞሩ ፊቷ ቀላ።

«ሲያርሙት ደጋግሞ ያነበው ነበር» አለች፣ የተወቀሰች ይመስል። «ግድግዳው ስስ ነው። እናንተ ሥራ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ እዚህ ነኝ።»

«ቀጥዪ እስቲ ልጄ» አሉ አባትየው። እጃቸው ተመልሷል።

«የሚኖርበት ጃንጥላ ጠጋኙ ነው» አለች። የምታወራ አትመስልም፤ እሳቸው እንደጻፉት፣ የጉንፋናሙን አቆራረጥ ሳይቀር ይዛ፣ እሱ በሚያርፍበት ታርፋለች። «ደብዳቤ መጥቶለት አያውቅም። ግን በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን አሳዘነኝና ከቦርሳዬ የማስታወቂያ ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ። ያን ወረቀት ጎረቤት ሁሉ አየው።»

አባትየው ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ቃል ሲያልቅ ጉንፋናሙ ከኋላዋ ይደግመዋል። ወንድሟ ራሱን ጉልበቱ ላይ ደፍቷል። ሚጢጢ ጭልፋውን ከሴትየዋ እጅ ተቀበለቻት፤ ያን ጠዋት ደረጃው ላይ ስለሰማችው ልትናገር ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀችው ነገር ነበራት፤ አሁን ከየት እንደሚጀመር ጠፋባት።

«ሁለተኛው ቤት የሁለት እህትማማቾች ነው። አይነጋገሩም። ደብዳቤያቸው ግን አንድ ነው፤ ከወንድማቸው ነው የሚመጣው። ለአንዷ ደጅ ላይ አነብላታለሁ፤ ለሌላዋ በጓሮ ዞሬ ደግሞ አነብላታለሁ። ሁለቱም ሌላዋ አለቀሰች ወይ ብለው ይጠይቁኛል።»

«አዎን» አሉ አባትየው፣ እየጻፉ። «አዎን፤ እንዲህ ነበር ያልኩት። ሦስተኛውስ?»

ሴትየዋ ልጁን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ሦስተኛው ላይ ማሙሽ አለቀሰብኝ» አለች። «ተነሥቼ ሄድኩ፤ አልሰማሁትም።»